የጡት ልጅና የፍርድ ቤት መዝገብ

ልጅን ከወላጁ ተቀብሎ የማሳደግ ሥርዓት የሕግ ጉዳይ ከመሆኑ አስቀድሞ የኑሮ ጉዳይ ነበር። በሸዋ ደጋ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ የገበሬው ቤት የቆመው በጉልበትና በርስት ላይ ስለ ነበረ፣ ልጅ ያልወለደ ሰው የሚያርስለትንና የሚጦረውን ይሻ ነበር፤ ልጅ የበዛበት ደሃም የሚያበላለትን ይፈልጋል። በአማራው ገበሬ ዘንድ የጡት አባትነት ልማድ ያደገው ከዚሁ ኑሮ ነው። አሳዳጊው በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ልጁን ያጠባዋል፤ ልጁም የጡት ልጅ ይባላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የወላጅን እናትነት የሚሽር ዳኛ አልነበረም። ዛሬ ሕጉ የሚጠቀምበት ‹‹ጉዲፈቻ›› የተባለው ቃል ራሱ ማሳደግ ከሚል የኦሮምኛ ግስ የወጣ እንጂ መቁረጥን የሚያመለክት አይደለም።

ልጅ በውድ ሲሰጥ እንዲህ ነበር። በጉልበት ሲወሰድ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለደው ምኒልክ፣ አባቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ምርኮኛውን እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት። በ1857 ዓ.ም. ግን ከመቅደላ አምልጦ ወደ አባቱ አገር ወደ አንኮበር ተመለሰ። ዋጋውን የከፈለችው ሌላ እናት ናት፤ የወሎዋ ወርቂት ምኒልክን ተቀብላ ስታሳልፍ፣ ቴዎድሮስ በመቅደላ ይዘውት የነበረውን ልጇን አስገደሉት። የአሳዳጊ ፍቅርና የፖለቲካ መያዣ በአንድ ቤት ሲያድሩ የሚያስከትሉትን መከራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ጉዳዩን ወደ ችሎት ያመጣው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ አዘዘ። ይሁንና እንደ እንግሊዝ የ1926 እ.ኤ.አ. ሕግ ወይም እንደ አሜሪካ ግዛቶች ሕጎች የወላጅን መብት አስቀድሞ አልሻረም። ልጁ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር ይጠበቃል፤ ምርጫ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ አጸና። የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንደኛው እምቢ ቢልና ልጁ ዐሥር ዓመት የሞላው ቢሆን፣ ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን አስተያየት ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል። የወላጅን ቃል ወደ መሻር የሚጠጋው በር ይህ ነው፤ በሩም ጠባብ ነው። ሰሜን ሸዋ የምትገኝበት የአማራ ክልል ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

ሌላው እርምጃ ከሰበር ችሎት መጣ። በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632፣ እናቷ የሞተችባትን ልጅ ወላጅ አባት ልውሰዳት ሲል፣ ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ ያሳደገቻት አክስት ዘንድ እንድትቆይ ወሰነ። የአባትነት ሥልጣን ከልጁ ጥቅም በታች መሆኑ በግልጽ የተነገረው ያን ጊዜ ነው።

ግጭቱ የከፋው ከባሕር ማዶ ጋር ነበር። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ብቻ በዓመት ከ2,000 በላይ ሕፃናት ይሄዱ ነበር። እዚህ ያለው ወላጅ የፈረመው፣ እንደ አያቶቹ ልማድ፣ ተምሮ ይመለሳል ብሎ ነው፤ እዚያ ያለው ሕግ ግን ፊርማውን ዝምድናን ለዘለዓለም እንደ ማቋረጥ አነበበው። አንዱ ወረቀት ሁለት ትርጉም ነበረው፤ የትርጉሙን ልዩነት ለገበሬው ያስረዳለት ሰው ጥቂት ነው። በ2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን ጉዳዮች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1070 ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠውን ጉዲፈቻ ጨርሶ ከሕጉ አወጣ። ያኔ የሄዱት ልጆች ካደጉ በኋላ ዘመዶቻቸውን ሊፈልጉ ሲመለሱ፣ በመዝገባቸው ሞተዋል የተባሉ እናትና አባት በሕይወት ተቀምጠው የተገኙበት ጊዜ አለ።