ውስጠ ከርሥ መርፌ

በሕክምና መጻሕፍት «ኢንትራፔሪቶኒያል» የሚባለው መርፌ፣ መድኃኒቱን በጡንቻ ወይም በደም ሥር ሳይሆን፣ ጨጓራና አንጀት፣ ጉበትና ጣፊያ በሚገኙበት በሆድ ዕቃ ክፍተት ውስጥ የሚያፈስ ስለ ሆነ፣ በግዕዙ አገባብ «ውስጠ ከርሥ መርፌ» ብንለው ስሙ ከግብሩ ጋራ ይስማማል። ከርሥ በግዕዝ ሆድንም ማሕፀንንም የሚያመለክት፣ በጸሎት ዘወትር የምንሰማው ቃል ነውና ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ይህ ክፍተት፣ ካባ በገበር እንደሚለበጥ፣ ፔሪቶኒየም በሚባል ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ሽፋኑ የሆድን ግድግዳ ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን የውስጥ ብልት ጭምር ስለሚያለብስ፣ ቢዘረጋ ስፋቱ ወደ ሰውነት ቆዳ ስፋት ይቀርባል፤ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ስለሞሉበት የፈሰሰበትን መድኃኒት ፈጥኖ ይመጥጣል። እንግዲህ የስኳር ሕመምተኛ በየዕለቱ በሆዱ ላይ የሚወጋው ኢንሱሊን፣ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰውም ቀድሞ በሆዱ ላይ በተከታታይ ይወጋው የነበረው ክትባት፣ ከቆዳ በታች የሚቀሩ ናቸውና በዚህ ስም አይጠሩም።

የደም ሥራቸው እጅግ ቀጭን በሆነ በቤተ ሙከራ አይጦች ዘንድ ይህ መንገድ የተለመደ ነው። በብሪታንያ በግ አርቢዎች ዘንድ ደግሞ፣ ከተወለደ ከ5 ሰዓት በላይ የሆነው ግልገል በብርድ ደንዝዞ የሰውነቱ ሙቀት ከ37 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ የተፈጥሮ ስንቁ አልቋልና ስኳር ሳያገኝ ቢሞቅ ተንዘፍዝፎ ሊሞት ስለሚችል፣ በሰውነት ሙቀት ልክ የሞቀ 20 በመቶ የግሉኮስ ውሕድ ለ1 ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ሊትር ያህል ተመጥኖ ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ በውስጠ ከርሥ ይሰጠዋል፤ ከዚያም በኋላ ይሞቃል።

በሰው ልጅ ዘንድ ግሩም የሆነው ምሳሌ በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ የተፈጸመው ነው፤ የእናቲቱ ደም ከፅንሱ ደም ጋራ ባለመስማማቱ ቀይ የደም ሕዋሳቱ እየጠፉ ሊሞት ለተቃረበ ፅንስ፣ ሐኪሙ ዊልያም ላይሊ ገና በማሕፀን ሳለ በሆዱ ክፍተት ደም ሰጠው፤ ሕዋሳቱም በሊምፍ ቧንቧዎች አልፈው ከደሙ ተቀላቀሉ። ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማንም ይኸንኑ ሽፋን ማጣሪያ አድርገው፣ በተተከለ ቱቦ 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ በቀን ብዙ ጊዜ እየሞሉና እየቀዱ ደማቸውን ያጠራሉ።

ይሁን እንጂ መርፌው አንጀትን ቢበሳ፣ ወይም ንጽሕና ቢጐድልበት፣ ሽፋኑ ተመርዞ ለሞት የሚያደርስ ደዌ ስለሚያስከትል፣ በተማረ እጅ ካልሆነ አይደፈርም። ትእዛዙን የሚጽፈው ሐኪምም «በሆድ» ብሎ ቢተወው አንዱ አስታማሚ ከቆዳ በታች፣ ሌላው ከአንጀት አጠገብ ብሎ ሊረዳው ይችላልና፣ «ውስጠ ከርሥ» ብሎ ለይቶ መጻፉ የሕመምተኛውን ሕይወት የሚጠብቅ ግዴታ ነው።