እየሞከሩ የሚያነቡት መመሪያ፦ የኤፒአይ ሰነድ በድረ ገጽ ውስጥ

አንድ አርሶ አደር በእጅ ስልኩ የነገውን የዝናብ ትንበያ ሲመለከት፣ አንዲት የከተማ ነዋሪም ክፍያዋን በቴሌብር ስትፈጽም፣ ከጀርባ ኮምፒውተሮች ይነጋገራሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል። ይህ ንግግር የሚመራበት ደንብ በምህጻረ ቃል ኤፒአይ ይባላል። ምን መጠየቅ እንደሚቻል፣ ጥያቄው በምን መልክ መቅረብ እንዳለበትና ምላሹ ምን እንደሚመስል የሚዘረዝረው ጽሑፍ ደግሞ የኤፒአይ ማጣቀሻ ሰነድ ነው።

ሰነዱ የሚዘጋጀው ለሶፍትዌር ባለሙያዎች ነው፤ ጉድለቱ ግን እስከ ተጠቃሚው ይዘልቃል። አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን የስንዴ ዋጋን በኤፒአይ ያሰራጫል እንበል። ሰነዱ “ዋጋ” ብሎ ብቻ ካለፈ፣ ቁጥሩ የኪሎ ይሁን የኩንታል አይታወቅም። ባለሙያው በግምት ከሠራ ስሕተቱ መቶ እጥፍ ይሆናል፤ የተሳሳተውን ቁጥር በስልኩ የሚያየው ደግሞ እህሉን ጭኖ ገበያ የወጣው ሰው ነው።

በወረቀት ወይም በተራ ፋይል የተቀመጠ ሰነድ ሌላም ድክመት አለው፤ አገልግሎቱ ሲለወጥ እርሱ ባለበት ይቀራል። ይህን ችግር ለማቃለል የመጣው መስተጋብራዊ ሰነድ የሚባለው ነው። አንባቢው ከገጹ ሳይወጣ ጥያቄውን ይሞላል፣ አዝራሩን ይጫናል፣ ከአገልጋዩ ኮምፒውተር የመጣውን እውነተኛ ምላሽ እዚያው ያያል። ጽሑፉና አገልግሎቱ ካልተስማሙ ልዩነቱ ወዲያው ይጋለጣል።

ኦፕን ሜቲዮ የተባለው የአየር ትንበያ አገልግሎት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ለንግድ ላልሆነ ሥራ ያለ ምዝገባ ክፍት ነው። በሰነዱ ገጽ ላይ የባሕር ዳርን መገኛ፣ ማለትም ኬክሮስ 11.6 እና ኬንትሮስ 37.4፣ ሞልቶ ሙቀትንና ዝናብን የመረጠ ሰው፣ ትንበያው በየሰዓቱ ተከፋፍሎ በግራፍ ይሣልለታል፤ ለአገልጋዩ የሚላከው የጥያቄ አድራሻም ተዘጋጅቶ ይቀርብለታል። እዚህ ላይ የአገራችን አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የሰዓት ክልል ካልተመረጠ ምላሹ የሚመጣው በግሪንዊች ሰዓት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በምላሹ 12 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 15 ነው፤ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ “የማታ 12 ሰዓት” ብሎ የተረዳው ሰው ዝናቡ ከሚመጣበት ጊዜ 3 ሰዓት ዘግይቶ ይጠብቀዋል። ታጭዶ ላልተከመረ ጤፍ ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም።

የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም በአብዛኞቹ ኤፒአዮች ዘንድ 2024-09-11 ተብሎ ይጻፋል። ጥሩ ሰነድ ከእያንዳንዱ መሙያ ቦታ አጠገብ ናሙና አስቀምጦ ይህን ያሳያል፤ አንባቢው ደግሞ ሞክሮ ያረጋግጣል።

መስተጋብራዊው ገጽ በእጅ አይጻፍም። መሠረቱ ኤፒአዩን ለኮምፒውተር በሚገባ ሥርዓት የሚገልጽ አንድ ፋይል ነው። ሥርዓቱን ስዋገር በሚል ስም የጀመረው ዎርድኒክ በተባለው የበይነ መረብ መዝገበ ቃላት ድርጅት ይሠራ የነበረው ቶኒ ታም ነው። እ.ኤ.አ በ2015 በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ወደሚገኝ የጋራ ኅብረት ተዛውሮ፣ በቀጣዩ ዓመት ኦፕን ኤፒአይ የሚለውን ስም ያዘ። 3.0 የተባለው ስሪት በ2017፣ 3.1 ደግሞ በ2021 ወጡ። ስዋገር የሚለው ስም ዛሬ የቀረው ለመሣሪያዎቹ ነው።

ፋይሉ ከተዘጋጀ በኋላ በድረ ገጽ ውስጥ ማካተቱ አጭር ሥራ ነው። ስዋገር ዩአይ የተባለው ነጻ መሣሪያ የሚፈልገው መለያ ስም የተሰጠው አንድ ባዶ ሳጥን፣ የገጹን መልክ የሚወስን ፋይልና ሥራውን የሚያከናውን የጃቫስክሪፕት ፋይል ነው። ከዚያ የገላጩ ፋይል አድራሻና የሳጥኑ ስም ይነገረዋል፤ የቀረውን ራሱ ይሠራል። ሬዶክ የሚባለው ደግሞ ከዚህም ያጠረ ነው። ለንባብ ያማረ ገጽ ያቀርባል፤ ነጻው ስሪቱ ግን የመሞከሪያ አዝራር የለውም። ለማየት ብቻ ለሚፈለግ ሰነድ በእኔ ግምት ሬዶክ ይመረጣል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚደናቀፉት ከዚህ በኋላ ነው። ሰነዱ በአንድ አድራሻ፣ ኤፒአዩ በሌላ አድራሻ ሲገኙ፣ የመሞከሪያ አዝራሩ ሲጫን ስሕተት ይመጣል። ጥፋቱ የሰነዱ አይደለም። የኢንተርኔት ማሰሻዎች ከአንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላ አድራሻ የተላከ ጥያቄ የሚያስገኘውን ምላሽ፣ ተቀባዩ አገልጋይ ካልፈቀደ በቀር፣ ለገጹ አያስረክቡም። ይህ ጥበቃ ኮርስ በሚባለው ሥርዓት የሚከፈተው በአገልጋዩ በኩል ነው፤ ሲከፈትም ለሁሉም ሳይሆን ሰነዱ ለሚገኝበት አድራሻ ብቻ ቢሆን ይበጃል።

ጥንቃቄ የሚሻው ዋናው ነገር አዝራሩ ራሱ ነው። “ሞክር” ይላል እንጂ የሚሠራው በእውነት ነው። ሰነዱ ከእውነተኛው አገልግሎት ጋር ከተገናኘ፣ “ሰርዝ” የሚለውን ጥያቄ የሞከረ ሰው የአባላትን መዝገብ በእርግጥ ይሰርዛል፤ ክፍያ የሞከረም ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የመሞከሪያው ገጽ መገናኘት ያለበት በናሙና መረጃ ከተሞላ የሙከራ አገልጋይ ጋር ነው። እንዲህ ያለ አገልጋይ ከሌለ፣ በስዋገር ዩአይ ቅንብር ውስጥ የሚፈቀዱትን የጥያቄ ዓይነቶች ዝርዝር ባዶ በማድረግ መሞከሪያውን መዝጋት ይቻላል። ምስጢራዊ መግቢያ ቁልፍን ለአንባቢ ምቾት ሲባል በገጹ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍም ቤትን ቆልፎ ቁልፉን በር ላይ እንደማንጠልጠል ነው፤ ገጹን የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል።

አሮጌ ስሪት ይዞ መቆየትም አደጋ አለው። ከ3.14.1 ጀምሮ ከ3.38.0 በፊት የወጡት የስዋገር ዩአይ ስሪቶች፣ አጥቂ ያዘጋጀው ኮድ በአንባቢው ማሰሻ ውስጥ እንዲሠራ የሚያስችል ቀዳዳ ነበረባቸው። ከ4.1.3 ወዲህ ደግሞ በተላከ ሊንክ አማካይነት የሌላ ሰው ገላጭ ፋይል በታመነ ድረ ገጽ ላይ እንዲታይ ማድረግ በመነሻ ቅንብሩ ተከልክሏል። በዚያ መንገድ የተታለለ አንባቢ የመግቢያ ቁልፉን ለማያውቀው አገልጋይ አሳልፎ ሊሰጥ ይችል ነበር።

ሰነዱ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆን አለበት የሚል ደንብ የለም። የመረጃዎቹ መጠሪያ ስሞች በላቲን ፊደል ቢቀሩም፣ የኦፕን ኤፒአይ ማብራሪያዎች በግዕዝ ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ፤ ገጹም እንዳሉ ያሳያቸዋል። “ዋጋው በብር ሲሆን ለአንድ ኩንታል ነው” የሚል አንድ መስመር ከዋጋው ስም ሥር ሲቀመጥ፣ የዩኒየኑ የሒሳብ ሠራተኛም አንብቦ ሊያርመው ይችላል። ሙያው ኮድ መጻፍ ባይሆንም የእህሉን መለኪያ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ኔትወርክ በሚደክምበት አካባቢ የስዋገር ዩአይ ፋይሎች ክብደት ያስቸግራል፤ ዋናው የጃቫስክሪፕት ፋይል ሳይታመቅ ከ1 ሜጋባይት ይበልጣል። ፋይሎቹን አምቆ መላክና ማሰሻው ቅጂ እንዲይዝ መፍቀድ ጭነቱን ያቀላል። ሬዶክን የመረጠም ሰነዱን ወደ አንድ ፋይል ቀይሮ፣ ከቢሮ ሲወጣ በኮምፒውተሩ ይዞት ሊሄድና ያለ ኢንተርኔት ሊያነበው ይችላል።