በረኛው ዣን ሉዊ ፖንስና ጅራታሞቹ ከዋክብት

በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት ማለቂያና በሚያዝያ መባቻ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ከአድማሱ ዝቅ ብሎ የነበረው፣ ያለ መነጽርም ለዓይን እምብዛም የማይገለጠው ጅራታም ኮከብ፣ ዑደቱን በ71 ዓመት ገደማ የሚፈጽም ሲሆን፣ በ1812 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አግኝቶ ለሊቃውንት ያስታወቀው ዣን ሉዊ ፖንስ የተባለ፣ በማርሴይ ከተማ የሚኖር ሰው ነው።

ማርሴይ ደግሞ ለድሬዳዋ ባዕድ አይደለችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ከተማይቱን ከወለዳት፣ የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶችም የከዚራን ሰፈር በቀጥተኛ ጎዳናዎች ከቀየሱ ወዲህ፣ ከማርሴይ ወደብ ተነሥቶ በስዊዝ ቦይ አልፎ ጅቡቲ የደረሰ መንገደኛና ዕቃ በዚሁ ጣቢያ ይወርድ ነበር፤ በ1902 ዓ.ም. በወርኃ ግንቦት የሃሌይ ኮከብ አስቀድሞ ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ፣ ኋላም ሲመሽ በምዕራብ በታየ ጊዜ እንኳ፣ ሐዲዱ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበርና ለባሕር ማዶው ዓለም በር ሆና የምታገለግለው ድሬዳዋ ነበረች።

ፖንስ በ1761 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ይህ ነው የሚባል ትምህርት ሳያገኝ፣ በ1789 ወደ ማርሴይ የከዋክብት መመልከቻ ቤት በበረኛነት ገባ። ዐጻዌ ኆኅትን ከማዕርጋት አንዱ አድርጋ በምትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ያደገ አንባቢ ይህን አገልግሎት እንደማይንቀው አምናለሁ። የቤቱ አለቆችም ትጋቱን አይተው መሣሪያዎቹን ቢያስተምሩት፣ በ1801 የመጀመሪያውን ጅራታም ኮከብ አገኘ፤ እስከ 1827 ድረስም ቁጥራቸውን 37 አደረሰው፤ በመነጽር በኩል በገዛ ዓይኑ እየተመለከተ ከዚህ ቁጥር የደረሰ ሌላ ሰው አይታወቅም።

ጥበቡ በትዕግሥትና በማስታወስ ችሎታ ላይ የቆመ ነበር። ጅራታም ኮከብ የሚደምቀው ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ስለሆነ፣ ፖንስ ጀንበር ከገባች በኋላና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሰፊ የሰማይ ክፍል በአንድ ጊዜ በሚያሳዩ መነጽሮች አድማሱን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ይቃኛል፤ እንደ ጥጥ ብናኝ የደበዘዘ ነገር ሲያጋጥመው አይቸኩልም፤ ምክንያቱም ከቦታቸው የማይነቃነቁ፣ ግን ጅራታም ኮከብ የሚመስሉ ደመናማ ብርሃናት በሰማይ ብዙ ናቸው፤ ሻርል ሜሲየ የተባለው ቀዳሚው ፈላጊ እንዳያሳስቱ ብሎ 103ቱን መዝግቧቸዋል። ስለዚህ ፖንስ የጎረቤት ከዋክብትን አቀማመጥ በልቡ ይዞ ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ሌሊት ይጠብቃል፤ ብናኙ ከነበረበት ፈቀቅ ካለ፣ የፈለገውን አገኘ ማለት ነው።

በ1819 ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ በሉካ አጠገብ፣ ከ1825 ጀምሮም በፍሎረንስ የመመልከቻ ቤት ኃላፊ ሆነ፤ በ1831 ዐረፈ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው በኅዳር 1818 ያገኘው ኮከብ ነገር ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን ኤንክ ፍኖቱን አስልቶ፣ ይህ ኮከብ ፖንስ ራሱ በ1805 ካየው ጋር አንድ መሆኑንና ከሦስት ዓመት ከጥቂት ወር በኋላ እንደሚመለስ አስታወቀ፤ በ1822ም እንደ ቃሉ ተመለሰ። ስሌቱ ድንቅ ነበር፤ ይሁንና ሁለት ጊዜ ከጨለማው ውስጥ ለይቶ ያወጣው በረኛው ሆኖ ሳለ ኮከቡ በአስሊው ስም መጠራቱ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ዓለም ሁሉ የኤንክ ኮከብ ሲለው፣ ኤንክ ግን የፖንስ ኮከብ እያለ መጥራቱን አልተወም።