ዘውዳቸውን ለስእለት የሰጡ እናት፤ ግርማዊት እቴጌ መነን

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ በቀረበ ጊዜ ግርማዊት እቴጌ መነን ከልጆቻቸው ጋራ በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በአሰቦት በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚያልፍ ስለ ሆነ የስደቱ መንገድ ከደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም ተራራ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ሐረርጌ ለእርሳቸው እንግዳ አገር አይደለም። በ1883 ዓ.ም. በአምባሰል ከጃንጥራር አስፋውና ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ከወይዘሮ ስኂን ተወልደው፣ በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋራ ሲጋቡ ቤታቸው ሐረር ሆነ፤ ልዑል አስፋ ወሰንም በ1908 ዓ.ም. በዚያው ተወለዱ። ዛሬ ጭሮ የምትባለው የጨርጨር ከተማም አሰበ ተፈሪ ተብላ በባለቤታቸው ስም ስትጠራ ኖራለች።

በስደቱ ዘመን በመጀመሪያ በኢየሩሳሌም፣ ኋላም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ። የዚያ አገር ብርድ ለጤናቸው ስላልተስማማ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። በ1929 ዓ.ም. አማቻቸው ራስ ደስታ ዳምጠው በጠላት እጅ ተገደሉ፤ ልዕልት ተናኘ ወርቅ መበለት፣ ልጆቻቸውም አባት የሌላቸው ሆኑ። እንዲህ ባለው ቀን አያት የራሷን ልቅሶ ውጣ ልጆቹን የምታባብል መሆኗን የማያውቅ ቤት የለም።

በቤተ ልሔም፣ ጌታ በተወለደበት ቤተ ክርስቲያን፣ ኢትዮጵያ ነፃ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለእመቤታችን ሊሰጡ ተሳሉ። በ1933 ዓ.ም. አገር ነፃ ወጣ፤ እርሳቸውም ቃላቸውን ሳይረሱ በ1923 ዓ.ም. የተቀዳጁትን ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ላኩት።

ስእለት ከሰመረ በኋላ ኀዘን አይመጣም ብሎ የሚያስብ ምእመን ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ከጦርነቱ አስቀድመው ዐርፈው ነበር። በእንግሊዝ አገር የአስታማሚነት ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ፣ ወደ አገራቸው ከገቡ ብዙ ሳይቆዩ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በለቀምት ሞቱ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። እናት ሦስት ልጆች ቀበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ግን አልተዉም። ዘውድ መስጠት ታላቅ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ከዘውዱ ይልቅ ይህ የከበደ ይመስላል።

በአክሱም ለሚሠራው ለአዲሱ የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከግል ገንዘባቸው በብዙ ረዱ። ሕንፃው አልቆ ሳይባረክ ግን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ከሁለት ወር በኋላም የመጨረሻ ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተከተሏቸው።