ከጥላ ወደ ጥልቀት፤ የመንጋጋ አጥንት ምስል ታሪክ

1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል የሚታወስ ዓመት ነው። ለሕክምና ባለሙያ ግን የሚታወስበት ሌላም ምክንያት አለው። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን ራጅ የሚነሣበትን ጨረር ያገኘው በዚሁ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ነበር። በጃንዋሪ 1896 የጥርስ ሐኪሙ ኦቶ ዋልክሆፍ የራሱን አፍ ለ25 ደቂቃ ለጨረሩ አጋልጦ ከመጀመሪያዎቹ የጥርስ ራጆች አንዱን አነሣ። በሜይ ወር ደግሞ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የሁለት ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ አገልግሎት መዋሉ የሚጀምረው፣ እንግዲህ፣ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ተሳስሮ ነው።

ይሁን እንጂ ጥይት ፈላጊውም ሆነ የጥርስ ሐኪሙ ያገኙት ጥላ ነበር። ጥላ ደግሞ ጥልቀትን አያሳይም። ክንድን አዙሮ ከጎን ሁለተኛ ራጅ ማንሣት ይቻላል፤ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈው መንጋጋ ግን ለዚህ አይመችም። ፊንላንዳዊው ይርየ ፓቴሮ ያዳበረው ፓኖራሚክ ራጅ መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፊልም ላይ ዘረጋው። ቢሆንም አጥንቱ ከጉንጭ ወደ ምላስ በኩል ያለው ውፍረት እንደ ተሰወረ ቀረ።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው ኢምፕላንት ከመጣ ወዲህ ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ከቲታኒየም የተሠራ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር በሰው መንጋጋ ውስጥ ተከለ። ጥርስ ሲነቀል ግን ይዞት የነበረው አጥንት ይሟሽሻል፤ ይልቁንም በጉንጭ በኩል ያለው ይሳሳል። ከታች የከንፈርን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ፣ ከላይ ደግሞ ሳይነስ የተባለው የአየር ክፍተት ይገኛል። አጥንቱ ካልበቃ ከአገጭ ወይም ከዳሌ ተወስዶ ይጨመራል፤ ይኸውም በሕመምተኛው ላይ ሁለተኛ ቁስል መክፈት ማለት ነው። ስለሆነም ልኬቱ ከተሳሳተ ወይ ያለ አስፈላጊነቱ አጥንት ይወሰዳል፤ ወይ ነርቩ ተነክቶ ከንፈር እስከ ዕድሜ ልክ ይደነዝዛል።

ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የፈለሰፈው ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 በሕመምተኛ ላይ ሲሞከር፣ ጥልቀት በቁርጥራጭ ምስል ተነበበ። በ1998 ደግሞ ፒዬሮ ሞጾና ባልደረቦቹ በኢጣሊያ ለጥርስ ሕክምና የተዘጋጀውን ኮን ቢም ሲቲ ይፋ አደረጉ፤ ይህም በአብዛኛው ከተለመደው ሲቲ ስካን ባነሰ ጨረር የመንጋጋን ቁመትና ውፍረት በሚሊ ሜትር ይለካል።

መጠኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ የአጥንቱ ጥራትም ይታያል። ለዚህ የጋሞ ምድር ራሱ ምስክር አለው። በጋሞ ደጋ፣ በሞታ ዋሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቆፍሮ የወጣውና ባይራ የተሰኘው አፅም፣ ከ4,500 ዓመት በኋላ ዘረ መሉ ሊነበብ የቻለው ናሙናው የውስጥ ጆሮን ከሚያቅፈው እጅግ ጠጣር አጥንት በመወሰዱ ነው። በአንጻሩ የላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል እንደ ስፖንጅ የሳሳ በመሆኑ ኢምፕላንትን አጥብቆ ለመያዝ ይቸገራል። ሌክሆልምና ዛርብ እ.ኤ.አ. በ1985 የመንጋጋን አጥንት በጥራቱ በአራት ደረጃ የከፈሉት ይህን በማስተዋል ነው። ኮን ቢም ሲቲ የአጥንትን መጠን በሚገባ ቢለካም፣ ጥግግቱን በመለካት ረገድ እንደ ሲቲ ስካን አይታመንም፤ የሐኪሙ እጅ በመሰርሰሪያው በኩል የሚሰማው ዛሬም ዋጋ አለው።

ከጉጌ ተራሮች ወርዶ ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚፈሰው በኩልፎ አጠገብ ለሚያገለግል ባለሙያ የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። ከጨንቻ ወይም ከዶርዜ ወርዶ አርባ ምንጭ የደረሰ ሕመምተኛን ለምስል ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ መላክ ከባድ ውሳኔ ነው። በትንሿ ፊልም የነርቩን መስመር ማየት፣ በጣት መዳሰስ፣ በማደንዘዣ ሥር የድዱን ውፍረት በመርፌ ለክቶ ከጠቅላላው ውፍረት መቀነስ ሰፊውን አጥንት ከቀጭኑ ለመለየት ይረዳል። ከነርቩ በላይ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መተው መቻሉ ሲያጠራጥር፣ ወይም አጥንት መጨመር የግድ መስሎ ሲታይ ግን፣ ሕመምተኛው ጥልቀት ወደሚታይበት ስፍራ መላክ ይገባዋል። በጥላ ብቻ ተመርቶ አጥንት የሚከፍት ሐኪም በ1888 ዓ.ም. ከነበረው ዕውቀት ገና አላለፈም።