ዳኛም ተጫዋችም፦ የለንደን መንግሥትና ሥልጣን የተላለፈላቸው ሦስቱ መንግሥታት በፖሊሲ ሥራ ላይ

በኦክቶበር 2011 ዌልስ ሸማቾች ለእያንዳንዱ ፌስታል ቢያንስ 5 ፔንስ እንዲከፍሉ ደነገገች (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰሜን አየርላንድ በ2013፣ ስኮትላንድ በ2014 ተከተሏት። እንግሊዝ ዘግይታ በ2015 ገባችበት። በ2014 ብቻ የእንግሊዝ ሰባት ትልልቅ ቸርቻሪዎች 7.6 ቢሊዮን ፌስታል ለደንበኞቻቸው ሰጥተው ነበር፤ ክፍያው ከተጣለ በኋላ በእነዚህ መደብሮች የሚሸጠው ፌስታል ከ95 በመቶ በላይ ቀንሷል። የ2008ቱ የአየር ንብረት ለውጥ ሕግ ሥልጣኑን አስቀድሞ ስለሰጣት፣ ዌልስ መቼና በስንት እንደምትጀምር የለንደን ሚኒስትሮችን መጠየቅ አላስፈለጋትም። በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስ የተከለከለውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ስኮትላንድ በማርች 2006 ቀደመች፤ እንግሊዝ በጁላይ 2007 የመጨረሻዋ ሆነች።

ስኮትላንድ በመጠጥ ዕቃዎች ላይ 20 ፔንስ ማስያዣ ለመጣል ስትነሳ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዕቅዱ ከዓመታት ዝግጅት በኋላ በጁን 2023 ቆመ። ፌስታልና ጠርሙስ አንድ ዓይነት የፖሊሲ ጉዳዮች ናቸው፤ ሁለቱም የቆሻሻ አወጋገድ ናቸው፤ ሁለቱም ሥልጣኑ ለአካባቢዎቹ መንግሥታት የተላለፈ ነው። አንዱ ለአራቱም ትምህርት ሲሆን ሌላው በክርክር የተቀበረበት ምክንያት በብሪታንያ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ትልቁን ጉድለት ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ጉድለቱ የለንደን መንግሥት ዳኛም ተጫዋችም መሆኑ ነው።

የአደረጃጀቱ ጠባይ

ስኮትላንድና ዌልስ በሴፕቴምበር 1997 ሕዝበ ውሳኔ አካሄዱ፤ ስኮትላንድ በ74.3 በመቶ፣ ዌልስ ለጥቂት በ50.3 በመቶ የራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖራቸው መረጡ። ሰሜን አየርላንድ በኤፕሪል 1998 በተፈረመው የሰላም ስምምነት መሠረት የሥልጣን ክፍፍል ያለበትን መንግሥት አቋቋመች። ጤና፣ ትምህርት፣ አካባቢ ጥበቃና የመሳሰሉት ለሦስቱ ተላለፉ፤ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና የማክሮ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ለንደን ቀሩ።

እንግሊዝ ግን የራሷ ፓርላማም የራሷ መንግሥትም የላትም። ከአገሪቱ ሕዝብ 84 በመቶ ያህሉ የሚኖረው እዚያ ነው፤ የሚያስተዳድረውም ያው የለንደን መንግሥት ነው። የጤና ሚኒስትሩ በተግባር የሚመራው የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩም የእንግሊዝን ቆሻሻ ያስተዳድራል። እነዚሁ ሰዎች ከስኮትላንድ ወይም ከዌልስ አቻቸው ጋር ሲቀመጡ የአንድ ወገን ባለጉዳይም ናቸው፣ የመላው አገር ተጠሪም ናቸው። ጀርመንን ወይም ካናዳን የሚያጠኑ ጸሐፊዎች ይህን ዓይነት ነገር አያጋጥማቸውም፤ በዚያ የፌዴራል መንግሥቱ የማንም ክፍለ ግዛት መንግሥት አይደለም።

በሕጉ በኩልም የመጨረሻው ሥልጣን በለንደን ያለው የዌስትሚንስተር ፓርላማ ነው። የስኮትላንድን የሥልጣን ሕግ ያወጣው እርሱ ነው፤ ለስኮትላንድ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑንም አልተወም። ለማለዘቢያ የተበጀው ልማድ በ1998 ሎርድ ሱዌል በላይኛው ምክር ቤት በተናገሩት ላይ የቆመ ነው፦ ፓርላማው በተላለፉ ጉዳዮች ላይ ያለ አካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ በተለምዶ ሕግ አያወጣም። «በተለምዶ» የሚለው ገደብ በ2016 ልማዱ በሕግ ሲጻፍም አብሮ ገባ። በጃንዋሪ 2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣት ክርክር ላይ ሲወስን ልማዱ የፖለቲካ እንጂ ፍርድ ቤት የሚያስፈጽመው እንዳልሆነ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ የስኮትላንድ ፓርላማ ፈቃድ የነሣው የ2018ቱ የመውጫ ሕግ ጸደቀ፤ በጃንዋሪ 2020 ደግሞ ሦስቱም ምክር ቤቶች ፈቃድ የነሡት የመውጫ ስምምነቱ ሕግ ጸደቀ።

እስከዚያ ድረስ ይህ ሁሉ ብዙም አልጎዳም። ምክንያቱ አንዱ ፖለቲካዊ ነው። ከ1999 እስከ 2007 ለንደንም፣ የስኮትላንድ መንግሥት መቀመጫ ኤድንብራም፣ የዌልሱ ካርዲፍም በሌበር ፓርቲ መሪነት ሥር ነበሩ፤ አለመግባባት ሲነሳ በፓርቲ ወዳጆች መካከል በስልክ ያልቅ ነበር። ለዚህም ነው በ1999 የተቋቋመው የሚኒስትሮች የጋራ ኮሚቴ ጠቅላላ ስብሰባ ከ2002 እስከ 2008 ሳይጠራ የቀረው። የሲቪል ሠራተኛውም ድርሻ ቀላል አልነበረም፤ የስኮትላንድና የዌልስ መንግሥታት ባለሙያዎች ከለንደኖቹ ጋር የአንድ ሲቪል ሰርቪስ አባላት በመሆናቸው ረቂቅ ተለዋውጠው ሐሳብ የሚሰጣጡት ሚኒስትሮቻቸው ከመገናኘታቸው አስቀድመው ነው። ሁለተኛው ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት ነበር። ሸቀጦችን፣ ግብርናንና አካባቢ ጥበቃን የሚገዛው የጋራ ደንብ ከብራስልስ ይመጣ ስለነበር ኤድንብራም ለንደንም ለአንድ ሕግ ይገዙ ነበር፤ ዳኛው ከሁለቱም ውጭ ነበር።

የጠርሙሱ ጉዳይ

የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ እየመለሰ ሌላ ለሚገዛ ለአገራችን አንባቢ ማስያዣ አዲስ ነገር አይደለም። የስኮትላንድ ዕቅድ ልዩነቱ አንድ ጊዜ አገልግለው በሚጣሉት ዕቃዎች ላይ፣ ማለትም በፕላስቲክ፣ በቆርቆሮና በብርጭቆ ላይ፣ መሆኑ ነው። ገዢው 20 ፔንስ ጨምሮ ይከፍላል፤ ባዶውን ለሱቁ ወይም ለማሽን ሲመልስ ገንዘቡን ይቀበላል። ደንቡን የስኮትላንድ ፓርላማ በ2020 አጸደቀ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ዌስትሚንስተር የውስጥ ገበያ ሕግን አወጣ፤ ስኮትላንድና ዌልስ ፈቃድ ነሥተውት ነበር። ሕጉ እንደሚለው በአንዱ የአገሪቱ ክፍል በሕጋዊ መንገድ ሊሸጥ የሚችል ሸቀጥ በሌላውም ያለ ተጨማሪ መስፈርት መሸጥ ይችላል። ለነጋዴው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለማስያዣው ግን አደጋ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ የታሸገ ቢራ ማስያዣ ሳይከፈልበት በኤድንብራ መደርደሪያ ላይ ከስኮትላንዱ ጎን ሊቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቅዱ እንዲሠራ ከሕጉ ነፃ መደረግ ነበረበት፤ ነፃ የሚያደርጉት ደግሞ የለንደን ሚኒስትሮች ናቸው። ደንቡ ከሕጉ ቀድሞ መጽደቁ ሥራ ላይ ገና ስላልዋለ አላስጣለውም።

ኤድንብራ ውይይቱ ከ2021 ጀምሮ ሲካሄድ ነበር ስትል፣ ለንደን መደበኛው ጥያቄ የደረሰኝ በማርች 2023 ነው አለች። በሜይ 2023 መጨረሻ ለንደን ነፃ ማድረጉን በሁኔታ ፈቀደች፤ ዋናው ሁኔታ ብርጭቆ እንዲወጣ ነበር። የማስያዣው መጠንም በመላው አገር አንድ መሆን ነበረበት፤ የእንግሊዝ መጠን ግን ገና አልተወሰነም። የስኮትላንድ ሚኒስትሯ ሎርና ስሌተር በጁን መጀመሪያ ዕቅዱ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2025 እንደሚዘገይ አስታወቁ። ሥራውን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ሰርኩላሪቲ ስኮትላንድ የተባለ ድርጅት በዚያው ወር ከሰረ።

ኤድንብራም ከተጠያቂነት አታመልጥም። ዕቅዱ ለንደን ከመወሰኗ በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል፤ ትንንሽ ጠማቂዎች የምዝገባውና የምልክቱ ወጪ እንደሚከብዳቸው ሲጮኹ መልስ ያገኙት ዘግይቶ ነው። ነገር ግን ብርጭቆ እንዲወጣ የተፈለገበትን ምክንያት እንመልከት። እንግሊዝ ለራሷ ዕቅድ ብርጭቆን የተወችው በጃንዋሪ 2023 ነበር። ከአራት ወር ጥቂት አለፍ ብሎ ይኸው የእንግሊዝ የፖሊሲ ምርጫ ለስኮትላንድ የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ሆነ። በአውሮፓ ኅብረት ዘመን ቢሆን የስኮትላንድን ዕቅድ የሚመዝነው አካል የራሱ የጠርሙስ ዕቅድ አይኖረውም ነበር።

ነገሩ በስኮትላንድ አላበቃም። አራቱ መንግሥታት ማስያዣውን በኦክቶበር 2027 በአንድነት ለመጀመር ከተስማሙ በኋላ ዌልስ በኖቬምበር 2024 ከጋራው ዕቅድ ወጣች፤ ብርጭቆን አልተውም ብላ ነው። ዌልስን በወቅቱ የሚያስተዳድረው እንደ ለንደኑ የሌበር ፓርቲ ነበር። ችግሩ የስኮትላንድ ብሔርተኞችና የለንደን ወግ አጥባቂዎች ጠብ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን መመልከት ይኖርባቸዋል።

ስብሰባ ሥልጣን አይተካም

ለዚህ ሁሉ የተሰጠው መልስ በአብዛኛው አዲስ መድረክ ማቋቋም ነው። በጃንዋሪ 2022 የጋራው ኮሚቴ ቀርቶ በሦስት እርከን የተደራጀ አሠራር መጣ፤ ከላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሦስቱ መንግሥታት መሪዎች የሚቀመጡበት ምክር ቤት፣ ከሥር የሚኒስትሮች ኮሚቴዎች፣ እንዲሁም ገለልተኛ ጽሕፈት ቤትና የአለመግባባት መፍቻ ሥርዓት። የመሪዎቹ ምክር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባ የተጠራው በኖቬምበር 2022 ነው። በኦክቶበር 2024 ደግሞ የእንግሊዝ ከንቲባዎችንም የሚጨምር የብሔሮችና የክልሎች ምክር ቤት በኤድንብራ ተሰበሰበ። እነዚህን አላቃልልም። በማርች 2020 አራቱ መንግሥታት በኮቪድ ላይ አንድ የጋራ ዕቅድ ያወጡት፣ ከቤት ያለመውጣት መመሪያውንም በአንድ ቀን ያወጁት በመነጋገር ነው። በሜይ 10 ቀን ለንደን «ንቁ ሁኑ» ወደሚል መልእክት ስትዞርና ሦስቱ «ቤት ቆዩ» በሚለው ሲጸኑ ግን የትኛውም መድረክ አላገዳትም፤ በእንግሊዝ ጉዳይ ላይ የመወሰን መብት ስላላት ብቻ ሳይሆን፣ የለንደን ድምፅ በመላው አገር ቴሌቪዥን የሚሰማው እንደ አገር ድምፅ ስለሆነ ጭምር ነው። በካርዲፍ ያለ ሰው ለእርሱ የማይሠራ መመሪያ ከራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አፍ ሰማ።

በገንዘቡም በኩል ያው ነው። ለሦስቱ የሚደርሰው ድርሻ የሚሰላው በ1970ዎቹ መጨረሻ በተጀመረውና በጆኤል ባርኔት ስም በሚጠራው ቀመር ነው፤ ለእንግሊዝ የሚመደበው ሲጨምር የእነርሱም በሕዝብ ብዛታቸው መጠን ይጨምራል። ቀመሩ በሕግ አልተጻፈም፤ የሚተረጉመው የገንዘብ ሚኒስቴሩ ነው። በ2017 የቴሬሳ ሜይ መንግሥት የሰሜን አየርላንድን ዲዩፒ ፓርቲ ድጋፍ ለማግኘት 1 ቢሊዮን ፓውንድ ከቀመሩ ውጭ ሲመድብ፣ ስኮትላንድና ዌልስ መደበኛ ቅሬታ ቢያቀርቡም ውሳኔው አልተነቃነቀም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 የድጎማ ማከፋፈያውን የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አፈጻጸሙ የራሱ ብዙ ጥያቄ አለበት፤ መርሑ ግን ከፋዩ ራሱ ብቻውን አከፋፋይ እንዳይሆን ነው፤ ለብሪታንያ የጎደላትም ይኸው ነው።

የለንደን መንግሥት በ2025 የውስጥ ገበያውን ሕግ ገምግሞ እንደማይሽረው አስታውቋል፤ ነፃ የማድረጊያውን ሂደት ለማሻሻል ግን ቃል ገብቷል። ማሻሻያው የጊዜ ገደብና የቅጽ ጉዳይ ሆኖ ከቀረ ጠርሙሱ ላይ የሆነው ነገ በሌላ ሸቀጥ ላይ ይደገማል። ሕጉ ላይ ራሱ አንድ መውጫ አለ፦ አራቱ መንግሥታት በየዘርፉ በሚስማሙባቸው የጋራ ማዕቀፎች ውስጥ የተደረሰበት ልዩነት ከገበያው ደንብ ነፃ ሊደረግ ይችላል። ፊርማው አሁንም የለንደን ሚኒስትር ነው። ማዕቀፉ ውስጥ ስምምነት ከተደረሰ ሚኒስትሩ የመፈረም ግዴታ ቢጣልበት፣ ስምምነት ካልተደረሰም ጉዳዩን የሚመዝነው በእንግሊዝ የቆሻሻ ፖሊሲ ላይ ድርሻ የሌለው አካል ቢሆንና ምክንያቱን በጽሑፍ ቢያወጣ፣ የፓርላማው ሉዓላዊነት አንዲት ስንዝር አይነካም። ለንደን ይህን የምትቃወመው የገበያ አንድነት ይፈርሳል በሚል ነው። ይሁንና በተመሳሳይ ሕግ ሥር፣ በ2022 የስኮትላንድ የአንድ ጊዜ ፕላስቲክ እገዳ ነፃ ሲደረግ ገበያው አልፈረሰም፤ በጁን 2025 ደግሞ አራቱ መንግሥታት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች በአንድ ቀን አግደዋል። በሁለቱም ጊዜ የእንግሊዝ ፖሊሲ ከሌሎቹ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። የሥርዓቱ ፈተና እንግሊዝ የማትፈልገው ነገር ሲጠየቅ ነው፤ ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ዳኛ እስከ ዛሬ አልተሾመም።