የአሠሪው ስም፣ የሠዓሊው ስም፦ የግል ሰብሳቢዎችና ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ



ዛሬ የምናገረው ስለ ሠዓሊዎቻችን ብቻ አይደለም፤ ሥዕል ገዝተው በቤታቸው ስላኖሩ ሰዎችም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሬን ከሰበታ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠዓሊ ወዳጄ ሲያርፍ፣ የተዋቸውን ሥራዎች እንድመለከት ቤተሰቡ ጠራኝ። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከተደረደሩት ሸራዎች መካከል ሴት ልጁ አንድ የተማሪ ደብተር አወጣችልኝ። አባቷ የሸጠውን ሥዕል ሁሉ በዓመት፣ በርእስና በዋጋ መዝግቦበታል። «ገዢ» በሚለው ዓምድ ሥር ግን «የኤምባሲ ሰው»፣ «ዶክተሯ»፣ «ፈረንጅ፣ በደላላ በኩል» ይላል። ልጅቱ «ጋሼ፣ እነዚህ ሥዕሎች አሁን የት ይሆኑ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ተሸጦ ነበር፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

በታሪካችን ይህ ነገር ተገላቢጦሽ ነበር። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አሠሪው በቅዱሳን እግር ሥር ሲማጸን ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ ይጻፍለታል። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። አሠሪዋን እናውቃቸዋለን፤ የእነዚያን ዘመናት ሠዓሊዎች አብዛኞቹን ግን በስም አናውቃቸውም። ዛሬ ሠዓሊው በሸራው ጥግ ይፈርማል፤ ስሙ የሚጠፋው ገዢው ነው። ከገዢው ስም ጋርም ሥዕሉ ራሱ ይጠፋል።

ይህ ለውጥ የመጣው ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ነው። በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲመሠርቱ፣ በስሙ የሚታወቅና ሥራውን ሸጦ የሚተዳደር ሠዓሊ ማፍራት ተጀመረ። መንግሥትም የድርሻውን ተወጥቷል፤ የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወቶች ለሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አሠርቷል፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትም አፈወርቅን፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታንና እስክንድር ቦጎሲያንን አክብሯል። ይሁን እንጂ ሽልማት ዘውትር የሚገዛ ደንበኛን አይተካም። የዘወትሩ ገዢዎች ዲፕሎማቶች፣ በ1958 የተቋቋመው የኢኮኖሚክ ኮሚሽንና በ1963 የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ጥቂት የአገር ቤተሰቦች ነበሩ። የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ የውጭዎቹ ሥዕላቸውን ከሻንጣቸው ጋር ይዘው ይሄዱ ነበር።

ይህንን ፍሰት ለመግታት የተደረገ አንድ ጥረት ልጥቀስ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክረስት በዳይሬክተርነት፣ ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት አገለገሉ። በ1968 ደግሞ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ ከውጭም ከአገርም ነበሩ፤ ገንዘብ እያዋጡ ለሙዚየሙ ቅርሶችን አስገዝተዋል። ትኩረታቸው በአብዛኛው በጥንታዊው ጥበብ ላይ ቢሆንም፣ የግል ገንዘብ የሕዝብ ንብረት ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል።

ከአብዮቱ በኋላ መንገዱ ጠበበ። በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ፤ ሠዓሊውም ገዢውም ተሰደደ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት አረፈ። ቀደም ሲል የተማረባት ጀርመን ውስጥ የቀሩ ሥራዎቹ ግን ጠባቂ አግኝተው ነበርና ወደ አገር ተመለሱ፤ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ለተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከልም መሠረት ሆኑ። የእስክንድርንም ሥራዎች በ1960ዎቹ የፓሪስና የኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ስለገዟቸው፣ ዛሬ ማንኛውም ተማሪ በመዝገብ ሊያገኛቸው ይችላል። የሰበታው ወዳጄ ሥዕሎች ግን መዝገብ የላቸውም።

እንግዲህ መመዝገብ ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ በ1932 ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችን አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ትቶ ሄዷል። ሥዕሎቹ በፓሪስ በሚገባ ተመዝግበዋል፤ የተሣሉለት ምእመን ግን አያያቸውም። ስለዚህ ሰብሳቢን የምንመዝንባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ ያለውን መዝግቧልን? ለባለ ታሪኩ ሕዝብስ በሩን ከፍቷልን? ብዙ ሠዓሊዎቻችን በተማሩባት በሞስኮ፣ ፓቬል ትሬቲያኮቭ የተባለ ነጋዴ በዘመኑ ከነበሩ ሠዓሊዎች እየገዛ ያከማቸውን ስብስብ በ1892 ለከተማው አስረክቧል። ለሁለቱም ጥያቄዎች አዎን ብሎ የመለሰ ሰብሳቢ እርሱን የመሰለ ነው።

ከ1991 በኋላ በአገራችን የግል ጋለሪዎች ተከፍተዋል። አስኒ በ1996 ሥራ ጀመረ፤ ማኩሽ ተከተለ፤ ዞማ በ2002 ተመሥርቶ በ2019 ሙዚየም ሆነ፤ አዲስ ፋይን አርት በ2016 ተከፈተ። በእነዚህ በኩል አዲስ የአገር ውስጥና የዲያስፖራ ገዢ ተፈጥሯል። ይህ ገዢ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ግን ገና አልለየም።

ሁለት ቤቶች ይህንን ያሳዩኛል። በሱሉልታ አንድ ባለ ጸጋ አዲስ ያሠሩትን ቤት አስጎበኙኝና ከሶፋቸው ቀለም ጋር የሚሄድ ሥዕል እንድመርጥላቸው ጠየቁኝ። መረጥሁላቸው፤ የሠዓሊውን ስም ግን አልጠየቁኝም። አልነቅፋቸውም፤ ያ ሠዓሊ በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራዩን ከፍሏል። በቡራዩ ደግሞ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው በየወሩ እየከፈሉ ጥቂት ሥዕሎችን ገዝተዋል። ከእያንዳንዱ ክፈፍ ጀርባ ርእሱን፣ ዓመቱን፣ ዋጋውንና ሠዓሊው ስለ ሥራው የተናገረውን ጽፈው ለጥፈዋል፤ ለዐውደ ርእይ ሲጠየቁም ያውሳሉ። ሀብታቸው ከሱሉልታው ሰው ጋር አይነጻጸርም። ነገ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ የሚያንኳኳው ግን የእርሳቸውን በር ነው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆነው በፍጥነት እየተገነቡ ነው። ሠዓሊዎች ኪራይ እየሸሹ ወደነዚህ ከተሞች ሲገቡ አያለሁ፤ አዳዲስ ቤቶችም ባዶ ግድግዳቸውን ይዘው በጎናቸው ይቆማሉ። ተማሪዎቼን የምለምናችሁ እንግዲህ ይህንን ነው፦ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ አንድ ቤት ምረጡ፤ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ከግድግዳው ያለውን መዝግቡ፤ ከማን፣ መቼና ለምን እንደገዙት ጠይቋቸው።

የወዳጄን ደብተር ቅጂ ልጁ ሰጥታኛለች። እስካሁን ከገዢዎቹ ያገኘሁት አንዷን፣ «ዶክተሯ» የተባለችውን ብቻ ነው። እርሷ በሕይወት የለችም፤ ልጆቿ ግን ሥዕሉን ከነሙሉ ክብሩ ሰቅለውት ኖሯል። የማን ሥራ እንደሆነ አያውቁም ነበርና ስሙን ጽፌ ላክሁላቸው።